ውሃው የት ገባ? ሳያንጠባጥብ ራዲያተር የሚያደርቅ ከባድ መኪና

በጎጃም መንገድ በሱሉልታ፣ በአምቦ መንገድ በቡራዩ፣ በጅማ መንገድ በሰበታ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌርም ሆነ ረዳት ይህን ያውቀዋል። ጠዋት ራዲያተሩ ሲከፈት ጎድሏል። ከሥር ሲታይ መሬቱ ደረቅ ነው። ጀሪካን ይመጣል፣ ይሞላል፣ ጉዞ ይቀጥላል። በማግስቱም ያው ነው።

ጀሪካኑ ግን በሽታውን አያድንም፤ ይደብቀዋል። ባዶ ውሃ በተጨመረ ቁጥር ኩላንቱ ይቀጥናል፣ ዝገትም መንገድ ያገኛል። ገና ሳይመረመር «ቴስታታ ይውረድ» ማለትም የባለንብረቱን ኪስ በከንቱ ማራገፍ ነው። ብልሃቱ ከርካሹ ጀምሮ ወደ ውዱ መሄድ ነው።

በመጀመሪያ ክዳኑን ጠርጥሩ። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ሲሠራ 90 ዲግሪ ገደማ መድረሱ ጤነኛ ነው። ታዲያ ለምን አይፈላም? ክዳኑ አፍኖ ስለሚይዘው ነው። 0.7 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን የመፍያውን ነጥብ ወደ 110 ዲግሪ ያወጣዋል። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ከሆነ ግን መኪናው ጭኖ አቀበት ሲወጣ ውሃው በእንፋሎት እያመለጠ ያልቃል። ሲቆም ምንም ምልክት አይተውም። ክዳን መቀየር ቴስታታ ከማውረድ ጋር አይወዳደርም። ታዲያ ሞተሩ ትኩስ እያለ ክዳኑን እንዳትነኩ፤ ፊት ያቃጥላል።

ክዳኑ ደህና ከሆነ ውጭውን ፈትሹ። የጋለ ሞተር ላይ የወረደ ጠብታ መሬት ሳይደርስ ይደርቃል፤ የሚቀረው ነጭ ወይም ባለቀለም ቅርፊት ነው። የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ የውሃ ፓምፑን ሥር፣ የጎማ ቱቦዎቹን ማሰሪያ፣ ጋቢና ውስጥ ያለውን የማሞቂያ መስመር እዩ። አንዳንዱ ማሰሪያ ሲሞቅ ይገጥማል፣ በሌሊቱ ብርድ ሲኮማተር ያፈሳል። ከዚያ በቀዘቀዘ ሞተር ላይ የግፊት መሞከሪያ ፓምፕ ተገጥሞ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ባር ይሞላ፤ ሩብ ሰዓት ይጠበቅ። መርፌው ወርዶ ውጭው ደረቅ ከሆነ ውሃው የገባው ወደ ውስጥ ነው።

ውስጥ ደግሞ ሦስት ዋና መንገዶች አሉት።

አንዱ ዘይት ነው። ኦይል ኩለር የሚባለው ዘይት ማቀዝቀዣ ከተቀደደ፣ ሞተሩ ሲሠራ የዘይቱ ግፊት ስለሚበልጥ ዘይት ራዲያተር ውስጥ ይንሳፈፋል። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ውሃው ወደ ዘይቱ ይገባል። ዘይቱ ከልኩ በላይ ከፍ ካለ ወይም ወተት ከመሰለ ሞተሩን አታስነሱት። ጠዋት ሳይነሳ የዘይት መክፈቻውን በትንሹ ማላላት ነው፤ ውሃ ስለሚከብድ ቀድሞ ይወጣል።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው፣ የፍሬን አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰር ነው። እሱም በሞተሩ ውሃ ስለሚቀዘቅዝ ጓርኒሲዮኑ ሲበላ ውሃው ወደ አየር ታንኩ ሊገባ፣ አየሩም ወደ ራዲያተር ሊነፋ ይችላል። የታንኩን ማፍሰሻ ክፈቱ፤ ኩላንት ከወጣ መልሱን አገኛችሁ።

ሦስተኛው ሲሊንደር ነው፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ የተሰነጠቀ ቴስታታ ወይም ካሚቻ። ምልክቱ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ እና ራዲያተር ውስጥ የሚፈላ የሚመስል አረፋ ነው። አረፋ ግን ከኮምፕሬሰሩም ይመጣል። እንዴት ይለያል? አየሩ ሞልቶ ኮምፕሬሰሩ መንፋት ሲያቆም አረፋው ከቀነሰ ጥፋቱ የኮምፕሬሰሩ ነው። ካልቀነሰ ወደ ሲሊንደር ሂዱ።

እዚህ ላይ ጨዋታ የለም። ሌሊቱን ፒስተን አናት ላይ የተጠራቀመ ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ቢየላ ይጣመማል፤ ያኔ ሒሳቡ የጓርኒሲዮን ሳይሆን የሙሉ ሞተር ይሆናል።

ሲሊንደር ነው ከተባለም «የትኛው?» ብላችሁ ጠይቁ። በአገራችን በብዛት የሚታየው የሲኖትራክ ባለ 371 ፈረስ ጉልበት ደብሊውዲ615 ሞተር ለስድስቱ ሲሊንደሮች ስድስት የተለያዩ ቴስታታዎች አሉት። ኢንጀክተሮቹ ወጥተው፣ ውሃው በግፊት ተይዞ፣ ሞተሩ በእጅ ቀስ ተብሎ ሲዞር የረጠበው ሲሊንደር ራሱን ያጋልጣል። የታመመው አንድ ሆኖ ሳለ ስድስቱን ማውረድ ለምን?

«ቀዳዳ ይደፍናል» እየተባለ የሚሸጠውንም ፈሳሽ ተጠንቀቁ። ቀዳዳውን ብቻ መርጦ አይደፍንም፤ የራዲያተሩንና የኦይል ኩለሩን ቀጫጭን መተላለፊያም ሊዘጋ ይችላል።

ለሹፌሩም ለረዳቱም የሚሆን ነጻ መሣሪያ ኪሳችሁ ውስጥ አለ። ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ፣ መኪናው ሜዳ ላይ እንዳለ፣ የውሃውን ልክ፣ የዘይቱን መለኪያና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ፎቶ አንሱ። የጨመራችሁትንም ሊትር ጻፉ። በአራተኛው ቀን ጋራዥ ስትገቡ «ውሃ ያጎድላል» ሳይሆን «በዚህ ያህል ኪሎ ሜትር ይህን ያህል ሊትር ይበላል፤ ዘይቱ ግን አልጨመረም» ትላላችሁ። እንዲህ ከተባለ በኋላ ማንም መካኒክ በግምት ቴስታታ ለማውረድ አይቸኩልም።