በሐኪም ትእዛዝ ላይ ስለሚጻፉት አጫጭር ፊደሎች

የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ፥ ከከዚራ በደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለችው መጋላ የልዩ ልዩ ቋንቋ መገናኛ ሆናለች። ዐማርኛው፥ ኦሮምኛው፥ ሶማልኛው፥ ዐረብኛው በአንድ ገበያ ይሰማል። በመጋላ በበሽተኛ አልጋ አጠገብ ግን ከነዚህ ሌላ አንድ ቋንቋ አለ፤ እርሱም ሐኪሞች ትእዛዛቸውን የሚያሳጥሩበት ላቲን ነው። ነርስነት የሚማሩት ልጆቻችን ይህን ማወቅ ግድ ስለሆነባቸው፥ በሽተኛ የሌለበት ቤትም ስለማይገኝ፥ ጥቂት ልንገልጽ ወደድን።

ቢ.አይ.ዲ. በቀን 2 ጊዜ፥ ቲ.አይ.ዲ. 3 ጊዜ፥ ኪው.አይ.ዲ. 4 ጊዜ ማለት ነው። ፒ.ኦ. በአፍ የሚወሰድ፥ ፒ.አር.ኤን. ሲያስፈልግ ብቻ የሚሰጥ፥ ስታት አሁኑኑ የሚሰጥ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ላደግን ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም። በድጓ ከቃሉ በላይ የሚጻፉት የዜማ ምልክቶች ከረጅም ቃል ያጠሩ ፊደሎች ናቸው፤ ከመምህር አፍ ያልተማረ ሰው ፊደሉን ቢያነብም ዜማውን አያገኘውም። ነገር ግን ዜማ የሳተ ተማሪ ይታረማል፤ መድኃኒት የሳተ እጅ ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል።

ኪው.ዲ. በቀን 1 ጊዜ ማለት ሲሆን፥ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በመካከል ያለችው ነጥብ ፊደል ከመሰለች 4 ጊዜ ተብሎ ይነበባል። የ10 ዩኒት ኢንሱሊን ትእዛዝ፥ ዩኒት የሚለው በአንድ ፊደል ቢጻፍ፥ ፊደሉ ዜሮ መስሎ 100 ሊሆን ይችላል። የ1.0 ነጥብ ካልታየ 10 ነው። ስለዚህ በአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመረምረው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 እነዚህን አጻጻፎች ከለከለ። በእኛ አገር ደግሞ ሰዓቱ ይጨመርበታል፤ በፈረንጅ አቈጣጠር ከጧቱ 8 ሰዓት የተባለው በእኛ 2 ሰዓት ነውና።

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ሳሉ በሎንዶን የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው በ1931 ዓ.ም. ፈጽመዋል። የንጉሠ ነገሥት ልጅ መሆናቸው ከተማሪ ወንበር አላስቀራቸውም። እንግዲህ ተማሪ ያልገባውን ፊደል ለመጠየቅ አይፈር፤ ሐኪምም ቢጠየቅ አይቈጣ፥ ቃሉንም ሙሉ አድርጎ ይጻፍ። ክቡራን አንባቢዎቻችንም መድኃኒት ከቤታቸው ሲገባ፥ «ስንት? በቀን ስንት ጊዜ? በየትኛው ሰዓት?» ብለው በሚሰሙት ቋንቋ ይጠይቁ። ጥያቄው ድፍረት አይደለም፤ የበሽተኛው ጠባቂ ነው።