እህል ይተነፍሳል

በሰሜን ጎንደር ደጋ ወደ ገበሬ ቤት የገባ ሰው፣ ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት የተሠራ ጎታ ቆሞ ያያል። ጎታው ብዙ ጊዜ እንደ ግድግዳ ሆኖ ጓዳውን ይከፍላል፤ ቤተሰቡም ከእህሉ አጠገብ ይተኛል። ከደጅ ያለው ጎተራ ግን ከቀጫጭን እንጨት ተሠርቶ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቆማል። ለፊዚክስ ሰው ሁለቱ ለአንድ ችግር የተሰጡ ሁለት መልሶች ናቸው።

ችግሩ እህል ሕይወት ያለው መሆኑ ነው። ከታጨደም በኋላ ኦክስጅን እየወሰደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውኃና ሙቀት ያወጣል። እርጥበት ትንፋሹን ያፋጥናል፤ ትንፋሹ ደግሞ ሌላ እርጥበትና ሙቀት ይጨምራል። እህል ሙቀትን በቀላሉ ስለማያስተላልፍ የክምሩ መሐል ይግልና ይሻግታል። ገበሬው ፍሬውን በጥርሱ ቆርጠም አድርጎ ድርቀቱን መለካቱ ለዚህ ነው፤ ለስንዴና ለገብስ እርጥበቱ ከ13 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል።

የጎተራው መልስ ነፋስ ነው። በዮርዳኖስ፣ በሙት ባሕር አጠገብ ድራእ በተባለ ሥፍራ የተገኙት የ11,300 ዓመት ገደማ ጎተራዎችም ወለላቸው ከመሬት ከፍ ያለ ነበር፤ እህል ገና በወጉ ባልተላመደበት ዘመን መሆኑ ያስገርማል።

ሁለተኛው መልስ አየር መንሳት ነው። ፒተር ሬይኖልድስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር እንደ ጥንቶቹ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ እህል ሞልቶ በሸክላ አፈር አተመው። ከግድግዳው የተጠጋው ጥቂት እህል በቅሎ ኦክስጅኑን ጨረሰ፤ የተረፈው ደኅና ሆኖ ከረመ። የሐረርጌ ገበሬዎች የማሽላ ጉድጓድም በዚሁ ሕግ ይሠራል።

ጎታ ግን በሁለቱ መካከል ነው። ጭቃው ይሰነጠቃል፣ አየር ያሳልፋል፤ ነቀዝም ይገባል። ጤፍ ግን ያመልጣል፤ የነቀዝ እጭ የሚያድገው በአንዲት ፍሬ ውስጥ በመሆኑ፣ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነችው የጤፍ ፍሬ አትበቃውም። ደባርቅም ከጣና ዳር በ1,000 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ነቀዝ በዚያ ቀስ ብሎ ይራባል። የደንቢያ በቆሎ ይህ ዕድል የለውም።

አሳሳቢው ነገር እዚህ ላይ ነው። በገበያ የሚሸጠው የነቀዝ ክኒን፣ አሉሚኒየም ፎስፋይድ፣ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ነቀዝ ያስገባው ስንጥቅ ጋዙንም ሕፃናት ወደተኙበት ያስወጣዋል። ክኒን በመኖሪያ ቤት ጎታ ውስጥ ፈጽሞ ሊገባ አይገባም።

ዛሬ የሚሸጡት አየር የማያስገቡ ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢቶች የጉድጓዱን ሥራ ያለ መርዝ ይሠራሉ፤ ነቀዙ ራሱ ኦክስጅኑን ጨርሶ ይሞታል። እህሉ አስቀድሞ በደንብ መድረቅ አለበት፤ ከረጢቱም ለሳምንታት መከፈት የለበትም። አንዲት አይጥ የምትበሳው ቀዳዳ ሁሉን ስለሚያበላሽ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጎ በቆጥ ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።