ነዳጅ ያለቀበት አይሮፕላን

ካርቱም ውስጥ ዴም በሚባለው ሰፈር፣ ጦርነቱ በ2015 ዓ.ም. ከመነሳቱ በፊት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩ ነበር። የካርቱም አይሮፕላን ማረፊያ የተሠራው በከተማው መካከል ስለሆነ የአይሮፕላን ድምፅ ለሰፈሩ ልጆች እንግዳ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ለነዚሁ ልጆች ማታ ማታ ሳይንስ ሳስተምር አንዱ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ረክሻ ነዳጅ ሲያልቅበት መንገድ ዳር ይቆማል፤ አይሮፕላን ሲያልቅበትስ የት ይቆማል?» ሲል ጠየቀኝ። ረክሻ የሚሉት እኛ ባጃጅ የምንለውን ነው። ልጆቹ ሳቁ፤ ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም።

አብዛኛው ሰው ሞተሩ የጠፋ አይሮፕላን እንደ ድንጋይ ቁልቁል የሚወርድ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። አይሮፕላንን አየር ላይ የሚይዘው ክንፉ ነው፤ ክንፉ የማንሳት ኃይል የሚያገኘው ደግሞ አየሩን እየሰነጠቀ ወደፊት ሲሄድ ነው። የሞተሩ ሥራ ይህን ወደፊት መሄድ መጠበቅ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ አብራሪው አፍንጫውን በመጠኑ ዝቅ ያደርግና፣ ፔዳል ሳይመታ ቁልቁለት እንደሚወርድ ብስክሌት፣ ከፍታውን እየከፈለ ፍጥነቱን ይጠብቃል። ጭልፊትም ክንፉን ሳያርገበግብ የሚንሳፈፈው በዚሁ ሕግ ነው።

ምን ያህል ርቀት ይሄዳል? ሐምሌ 16 ቀን 1975 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1983) በካናዳ ሰማይ ላይ ሁለቱም ሞተሮች የጠፉበት አንድ ቦይንግ 767 አይሮፕላን፣ 18 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ወደፊት ሲጓዝ የቀነሰው ከፍታ 1 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነበር። ይህም 12 ለ 1 መሆኑ ነው። አይሮፕላኑ ጊምሊ በተባለ የቀድሞ የአየር ኃይል ሰፈር አረፈ፤ በውስጡ የነበሩት 69 ሰዎችም በሙሉ ተረፉ።

ነዳጁ ለምን እንዳለቀ ግን ለሒሳብ መምህራን ሁሉ ሊነገር የሚገባው ነው። በዚያን ቀን የነዳጅ መለኪያዎቹ ስለማይሠሩ ሒሳቡ የተሠራው በእጅ ነበር። ለጉዞው 22,300 ኪሎ ግራም ነዳጅ ያስፈልግ ነበር። ሊትሩን ወደ ክብደት ለመለወጥ የተጠቀሙበት ቁጥር 1.77 ሲሆን፣ ይህ ግን አንድ ሊትር ነዳጅ በፓውንድ ሲመዘን የሚሰጠው ነው፤ በኪሎ ግራም ቢሆን 0.8 ያህል ነው። ስለዚህ የተገኘው 22,300 ፓውንድ፣ ማለትም ከሚያስፈልገው ከግማሽ በታች ሆነ። ማባዛቱ ትክክል ነበር።

ትንንሽ የመንገደኛ አይሮፕላኖችም ከዚህ አላመለጡም። ሐምሌ 30 ቀን 1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) ኤቲአር 72 የተባለው ባለ ሁለት ተሽከርካሪ ሞተር አይሮፕላን 39 ሰዎች ይዞ ከጣሊያን ወደ ቱኒዚያ ሲበር ሁለቱም ሞተሮቹ ጠፉና በሲሲሊ አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። 16 ሰዎች ሞቱ። ምርመራው ሲካሄድ የተገኘው ስህተት ይህ ነው፦ በጥገና ጊዜ የተገጠመለት የነዳጅ መለኪያ የታናሽ ወንድሙ፣ የኤቲአር 42 መለኪያ ነበር። ሁለቱ በመልክ ይመሳሰላሉ። አብራሪዎቹ ያነበቡት ቁጥር በቂ ነዳጅ አለ ይል ነበር፤ ታንኩ ግን ወደ ባዶነት ተቃርቦ ነበር።

ሦስተኛው ታሪክ የኛው ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1996) የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 961፣ እሱም ቦይንግ 767፣ 175 ሰዎች ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ተነሳ። ብዙም ሳይቆይ ሦስት ጠላፊዎች ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ገብተው ወደ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እዚያ እንደማያደርስ ቢያስረዷቸውም አላመኑም። በአይሮፕላኑ ውስጥ ለተሳፋሪ በሚቀርበው መጽሔት ላይ፣ ይህ ዓይነት አይሮፕላን 11 ሰዓት መብረር እንደሚችል አንብበው ነበርና።

የ11 ሰዓቱ ቁጥር ሐሰት አልነበረም፤ የሚሠራው ግን ታንኩ ሙሉ ሲሆን ነው። 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ውስጥ 7 ሊትር ውሃ ቢኖር፣ ጀሪካኑ ላይ የተጻፈው 20 ጥማት አያስታግስም። አንድ አይሮፕላን የሚጭነው ለመንገዱ የሚበቃውን፣ ለድንገተኛ ነገር የሚሆን ተጨማሪ፣ ወደ ሌላ ማረፊያ የሚያደርሰውን፣ በመጨረሻም ለጄት ለ30 ደቂቃ የሚሆን የማይነካ መጠባበቂያ ነው። ከዚህ በላይ መጫን ክብደት መጨመር ነው። ወደ ናይሮቢ የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ የነበረው አይሮፕላን አራት ሰዓት ገደማ አየር ላይ ሊቆይ የቻለው በዚህ መጠባበቂያ ነው።

ካፒቴኑ በአፍሪካ ጠረፍ በኩል ወደ ደቡብ በረሩ፤ ጠላፊዎቹ መሬት እንደሚታይ ሲያስተውሉና ወደ ባሕሩ ሲያስዞሯቸው ደግሞ በዘዴ ወደ ኮሞሮስ ደሴቶች አመሩ። ሞተሮቹ ተራ በተራ ጠፉ። ያን ጊዜ የቀረው ኃይል ከአይሮፕላኑ ሆድ ወጥቶ በነፋስ የሚዞር አነስተኛ ተርባይን የሚሰጠው ብቻ ነበር። በዚህም የክንፉን ፍላፖች መዘርጋት ስላልተቻለ ፍጥነቱን እንደ ልብ መቀነስ አልተቻለም። በመጨረሻው ሰዓት ከጠላፊዎቹ ጋር ትግል ነበር። አይሮፕላኑ በሰዓት 320 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረ ግራ ክንፉ ቀድሞ ባሕሩን ነካና ተሰባበረ። 125 ሰዎች ሞቱ፤ በ1977ቱ ረሀብ የሕዝባችንን ችግር በፊልም ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው ጋዜጠኛ መሐመድ አሚን ከነሱ አንዱ ነበር። ካፒቴን ልዑልና ረዳታቸው ዮናስ መኩሪያ ተረፉ። የወደቀበት ቦታ ከባሕር ዳርቻ ሆቴል ፊት ለፊት ስለነበር የደሴቲቱ ሰዎችና እንግዶች በጀልባ ደረሱ።

ከሞቱት መካከል ግጭቱ ያልገደላቸው ነበሩ። ብዙዎች የሕይወት አድን ሰደርያቸውን ገና አይሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ ነፉት። ውሃው ሲገባ በአየር የተሞላው ሰደርያ ወደ ላይ፣ ወደ ጣራው ገፋቸው፤ መውጫው ግን ከታች ነበር። ሰደርያውን ከበር ወጥቶ መንፋት የሚገባው ለዚህ ነው።

ይህን በክፍል ውስጥ ማሳየት ቀላል ነው። ጣራው ላይ በምስማር የተበሳ ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥን አፉን ወደ ታች ደፍቶ፣ ከሥሩ የፒንግ ፖንግ ኳስ አድርጎ፣ ውሃ በሞላበት ባልዲ ውስጥ ማስጠም ነው። አየሩ በቀዳዳው ይወጣል፤ ኳሱም ጣራው ላይ ይለጠፋል። ከዚያ አንድ ተማሪ ኳሱን በአንድ ጣቱ እየገፋ ከሳጥኑ ጠርዝ በታች ያውጣው፤ ሌሎቹም በየተራ ይሞክሩት።