ሰማያዊው ነበልባል የማይነግረን

አረቄ ሻጯ ጥቂት ጠብታ ሳህን ላይ ታፈስና ክብሪት ትጭርበታለች። ሰማያዊ ነበልባል ብልጭ ሲል ጠጪው «ደረቅ ነው» ብሎ ይረካል። ነበልባሉ የሚመሰክረው ግን ፈሳሹ ብርቱ አልኮል መሆኑን ብቻ ነው። የቱ አልኮል እንደሆነ አይናገርም።

ብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ሰበታ ላይ የሚያመርተው ኤታኖልን ነው። ጥሬ ዕቃው ሞላሰስ ነው፤ ስኳር ሲመረት የሚተርፈው ጥቁርና ዝልግልግ ፈሳሽ። ኤታኖል ግን ሜታኖል የሚባል የቅርብ ዘመድ አለው። ሁለቱም እንደ ውኃ የጠሩ ናቸው፣ ሁለቱም ይነዳሉ፣ ሽታቸውም ይቀራረባል። ሜታኖል አንድ ካርቦን፣ ኤታኖል ሁለት ካርቦን አለው፤ ሰውን በጥቂቱ የሚገድለውና የማይገድለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ጉበት ሜታኖልን ወደ ፎርማልዲሃይድ፣ ቀጥሎም ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለውጠዋል፤ የዓይንን ነርቭ የሚጎዳው ይህ አሲድ ነው። 10 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹሕ ሜታኖል ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ሕመሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚብሰው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ዘግይቶ ነው፤ ሰውየው ስካሩ በርዶለት፣ ተኝቶ ከተነሣ በኋላ።

ኬሚስቱ አዶልፍ ሊበን በ1870 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ሙከራ ሁለቱን ይለያል። ኤታኖሉ ላይ አዮዲን ይጨመራል፣ ከዚያም ቡናማው ቀለም እስኪጠፋ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በጠብታ ይጨመራል፣ ቱቦው በሞቀ ውኃ ለብ ይደረጋል። ፈሳሹ ይደፈርስና ፈዛዛ ቢጫ ዝቃጭ ይወርዳል፤ ቁስል ማሰሪያ ክፍልን የሚያስታውስ ሽታም ይወጣል። ይህ አዮዶፎርም ነው። ሜታኖል ብቻውን ከሆነ ቢጫው አይታይም።

አደገኛው ስሕተት የሚመጣው እዚህ ጋ ነው፤ ተማሪዎችም ብዙ ጊዜ ይስቱታል። ኤታኖል ውስጥ ሜታኖል ቢደባለቅስ? ቢጫው ያው ይወርዳል። ሙከራው የመለሰው «ኤታኖል አለ ወይ?» የሚለውን እንጂ «ሜታኖል የለም ወይ?» የሚለውን አይደለም። አሴቶንም ቢሆን ያንኑ ቢጫ ይሰጣል።

ስለዚህ ሜታኖሉን ራሱን መፈለግ ግድ ነው። ናሙናው በአሲድ ውስጥ በፖታሲየም ፐርማንጋኔት ሲታከም ሜታኖሉ ፎርማልዲሃይድ ይሆናል፤ የተረፈው ፐርማንጋኔት ከጠፋ በኋላ ክሮሞትሮፒክ አሲድና ጥቅጥቅ ያለ ሰልፈሪክ አሲድ ተጨምሮ ሲሞቅ ሐምራዊ ቀለም ይወጣል። ከኤታኖል የሚገኘው አሴታልዲሃይድ ይህን ሐምራዊ አይሰጥም። የቀለሙ ድምቀት ከሜታኖሉ መጠን ጋር ስለሚጨምር ልኬቱም ከዚያው ይነበባል። ልኬቱ የሚያስፈልገው ከፍራፍሬ በሚጠመቅ መጠጥ ውስጥ ጥቂት ሜታኖል በተፈጥሮ ስለሚገኝ፣ መኖሩ ብቻ አደጋን ስለማያሳይ ነው፤ ዛሬ በጋዝ ክሮማቶግራፊ ሁለቱ አልኮሎች ተለያይተው እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይለካሉ።