«ኡብዎኮ» የሚለው ቃልና የመታወቂያው ወረቀት
(በሩዋንዳ ስለ ደረሰው እልቂት)

በኪንያርዋንዳ ቋንቋ «ኡብዎኮ» የሚባል ቃል አለ። ትርጓሜው «ዓይነት» ማለት ሲሆን፣ ስለ ሰው በተነገረ ጊዜ ጥንት የሚያመለክተው ጐሣን ነበር። አባኒጊንያ፣ አቤጋ፣ አባሲንጋ የተባሉትና የቀሩት ጐሦች 18 ያህል ናቸው፤ በነዚህም ውስጥ ሁቱም ቱትሲም ተቀላቅለው ይገኛሉ። ቋንቋቸው አንድ ነው፤ መኖሪያቸውም በአንዱ ኰረብታ ላይ የተሰባጠረ ነው። «ሁቱ»ና «ቱትሲ» የሚሉት ስሞች ከትውልድ ጋራ ከከብት ሀብት፣ ከሹመትና ከጌታና ሎሌ ግንኙነት ጋራም የተያያዙ ነበሩ።

ይህን ልዩነት ያጸናው ጽሕፈት ነው። በ1933 እና በ1934 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) የቤልጅግ አስተዳደር ሕዝቡን ቈጠረ፤ የመታወቂያ ወረቀትም ተከተለ። ዐሥር ላም ያለው ሁሉ ቱትሲ ተብሎ ተጻፈ የሚለው ነገር በብዙ መጻሕፍት ይደጋገማል፤ ነገር ግን ድኻ ቱትሲዎች ብዙ ስለ ነበሩ ይህ ብቻውን ቈጠራውን አያስረዳም። ከዚያ ወዲህ የተጻፈው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሆነ፤ ማግኘትም ማጣትም አይለውጠውም። በ1962 ነጻነት ከመጣ በኋላም ወረቀቱ አልቀረም፤ በላዩ ያለው ርእስ ያው «ኡብዎኮ» ነበር።

በኦክቶበር 1990 የሩዋንዳ አርበኞች ግንባር ከኡጋንዳ ተነሥቶ ጦርነት በከፈተ ጊዜ፣ ጦረኛውን ከሰላማዊው ሳይለዩ ቱትሲን ሁሉ ጠላት የሚያደርጉ ሹማምንት በረቱ። በ1992 በቡጌሴራ ብዙ ነዋሪዎች ተገደሉ። በኦገስት 1993 በአሩሻ የተፈረመው ውል የነገድ ስም ከመንግሥት ወረቀት ሁሉ እንዲሰረዝ ደንግጎ ነበር፤ አልተፈጸመም።

ኤፕሪል 6 ቀን 1994 የፕሬዚዳንት ሀቢያሪማና አውሮፕላን ተመቶ ወደቀ። ወዲያውም በየመንገዱ ኬላ ቆመ። በኬላው ያለው ሰው፣ ብዙውን ጊዜ የዚያው ሰፈር ሰው፣ አስቀድሞ የሚጠይቀው ወረቀቱን ነበር። ቱትሲ የተባለ ይገደላል፤ ወረቀት የሌለው እንደ ቱትሲ ይቈጠራል፤ በመልኩ ተጠርጥሮ የሞተ ሁቱም ነበረ። በገጠር ግን ጎረቤት ጎረቤቱን ስለሚያውቅ ወረቀት ብዙም አላስፈለገም። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በወረቀት ላይ መጣል ስሕተት ነው፤ ሕዝቡን ያሰማሩት ሹማምንት፣ ወታደሮችና ኢንተራሃምዌ ናቸው። ሁቱ የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር አጋት ኡዊሊንጊይማና እንኳ በማግሥቱ ተገድለዋል። በመቶ ቀን ያህል ጊዜ ያለቀውን ሕዝብ የተባበሩት መንግሥታት 800,000 ያህል ሲል ገምቶታል፤ የሩዋንዳ መንግሥት ከ1,000,000 በላይ ያደርገዋል።

ቃሉን ወደ አማርኛ ለመመለስም ያስቸግራል። «ዘር» ቢሉት ነገሩ ደም ብቻ ይመስላል፤ «ነገድ» ቢሉት የራሱ ቋንቋና አገር ያለው ያስመስላል። ይኸው ችግር ዳኞችንም ገጥሟቸዋል። በአሩሻ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 1998 የታባ ሹም በነበረው በዣን ፖል አካዬሱ ላይ ሲፈርድ፣ በቋንቋና በባህል ከሁቱ የማይለዩት ቱትሲዎች ሕጉ የሚጠብቀው ወገን መሆናቸውን መመርመር ነበረበት። ቋሚ ወገን ናቸው ሲል ወሰነ፤ ከማስረጃዎቹም አንዱ ያው የመታወቂያ ወረቀት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የወጣው መታወቂያ ያን መስመር አልያዘም።