«ሳሳ»፤ አንዲት ቃል ድንበር ስትሻገር

በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ መካከል ኪኩቦ የሚባል የንግድ ሰፈር አለ። ስሙ በሉጋንዳ ቋንቋ ጠባብ መተላለፊያ ማለት ነው፤ ሰፈሩም ለስሙ የተገባ ነው። ግራና ቀኙ በጅምላ መደብሮች የተሞላ፥ ስኳርና ሩዝ፥ ሳሙናና ዘይት እስከ ጣራ የተከመረበት፥ ተሸካሚዎች ጭነታቸውን ይዘው «አሳልፉን!» እያሉ የሚተላለፉበት ሥፍራ ነው። የአዲስ አበባን መርካቶ የሚያውቅ አንባቢ ኪኩቦን ሳያየው ሊገምተው ይችላል። ወደዚህ ገበያ ከኡጋንዳ አውራጃዎች ብቻ ሳይሆን ከሩዋንዳ፥ ከኮንጎና ከደቡብ ሱዳንም ነጋዴ ይመጣል። ስለዚህ በአንድ ቀን ሉጋንዳ፥ ኪስዋሂሊ፥ እንግሊዝኛና ሌላም ብዙ ቋንቋ ይሰማበታል።

እንዲህ ባለ ገበያ የሚኖር ሻጭ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፤ ይኸውም ገዢው ስሙንና ጥቅሙን በራሱ ቋንቋ ያልተረዳለት ዕቃ ከመደርደሪያ እንደማይወርድ ነው። ይህ ደንብ ለሳሙናና ለዘይት ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ ለትምህርትም ይሠራል። ስለ ቤት ውስጥ ጥቃትና ስለ ኤች.አይ.ቪ. መከላከል የሚሰጠው ትምህርት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ቋንቋ የሚፈልግ ነው። ዛሬ ለቤተ ሰብ አንባብያን ልንነግር ያሰብነውም በዚችው በካምፓላ ከተማ ተዘጋጅቶ ወደ ብዙ አገሮች ስለ ሄደ አንድ ትምህርትና በመንገዱ ላይ ስላጋጠመው የቃላት ችግር ነው።

ሬይዚንግ ቮይስስ የሚባለው ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 በካምፓላ ተቋቋመ፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። መሥራቾቹ ሎሪ ሚሾና ዲፓክ ናከር ይባላሉ። ድርጅቱ በ2008 «ሳሳ!» የተባለውን የማስተማሪያ ጥራዝ አወጣ። ሳሳ በኪስዋሂሊ «አሁን» ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ደግሞ አራቱ ፊደሎች ለአራቱ የትምህርቱ ደረጃዎች፥ ማለት ለመጀመር፥ ለመገንዘብ፥ ለመደጋገፍና ለተግባር፥ መነሻ ናቸው። ትምህርቱ የሚሰጠው በሊቃውንት ንግግር አይደለም፤ ከመንደሩ የተመረጡ ተራ ወንዶችና ሴቶች በየሱቁ ደጃፍ፥ በገበያና በመጠጥ ቤት ሥዕል ይዘው፥ ጥያቄ እየጠየቁ፥ ድራማ እያሳዩ ከጎረቤቶቻቸው ጋር የሚጨዋወቱት ነው።

ሁለቱ ነገሮች፥ ዱላና በሽታ፥ በአንድ ጥራዝ ስለ ምን ተጣመሩ? ምክንያቱን ማንኛይቱም የቤት እመቤት ትረዳዋለች። ባሏን የምትፈራ ሴት «አብረን እንመርመር» ልትለው አትደፍርም። «ኮንዶም እንጠቀም» ብትል «ማንን ጠርጥረሽ ነው?» ተብላ ትመታለች። ቫይረሱ በደሟ እንዳለ በሐኪም ቤት ቢነገራትም መድኃኒቱን በዱቄት ዕቃ ውስጥ ትደብቃለች እንጂ በግልጥ አትውጠውም። በኡጋንዳ በራካይ አውራጃ በተደረገና በ2013 በታተመ ጥናት፥ በባላቸው ወይም በወዳጃቸው የተጠቁ ሴቶች በቫይረሱ የመያዛቸው መጠን ካልተጠቁት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል።

እንግዲህ ትምህርቱ መልካም ነው። ነገር ግን ካምፓላን ለቆ ወደ ሌላ አገር፥ ለምሳሌ ወደ ዚምባብዌ ወርዶ ወደ ሾናና ወደ ንዴቤሌ ቋንቋ ይመለስ ሲባል፥ ወይም ወደ እኛ መጥቶ አማርኛ ይልበስ ሲባል፥ ገና ከሽፋኑ ላይ ችግር ይጀምራል። ለኪስዋሂሊ ተናጋሪ ሳሳ «አሁን» ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ሳሳ ማለት ቀጠነ፥ መነመነ ማለት ነው። ኤድስ በኡጋንዳ መጀመሪያ ሲታወቅ ሕዝቡ «ስሊም»፥ ማለት ቀጭኑ፥ ብሎ እንደ ሰየመው ስናስታውስ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ እንረዳለን። ስለ ኤች.አይ.ቪ. በሚናገር ወረቀት አናት ላይ «ሳሳ!» ተብሎ ቢጻፍ፥ በሽተኞችን በመልካቸው የሚሰድብ መስሎ ይታያል። የፈረንጁን ቃል እንዳለ ተሸክሞ ማምጣት ትርጉም አይደለም የሚባለው ስለዚህ ነው።

ከሽፋኑ አልፈን ወደ ውስጥ ስንገባ ደግሞ የትምህርቱ ምሰሶ የሆነው አንድ አሳብ ይገኛል፤ ይኸውም አንዱ በሌላው ላይ የሚጭነው ኃይል ጥቃትን እንደሚወልድ፥ ሁለቱ አብረው የሚይዙት ኃይል ግን ቤትን እንደሚጠብቅ ነው። እንግሊዝኛው ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ይጠራዋል። በሉጋንዳ ግን «አማኚ» ጉልበት ነው፥ «ኦቡይንዛ» ሥልጣን ነው፥ «ኦቡሶቦዚ» ችሎታ ነው። በሾና «ሲምባ» ይባላል፤ ይኸው ድምፅ በኪስዋሂሊ አንበሳ ማለት ነው። በንዴቤሌ «አማንድላ» ነው፤ ይህ ቃል በደቡብ አፍሪካ በነጻነት ትግል ሰልፎች ላይ ሲጮኽ የኖረ ስለ ሆነ ሰሚውን ከጓዳ አውጥቶ ወደ አደባባይ ይወስደዋል።

በአማርኛስ? «ኃይል» ብንል፥ ኃይለኛ የሚባለው ቁጡ ሰው ነው፤ «ኃይለኛ ሚስት» የተባለችም አልተመሰገነችም። «ሥልጣን» ብንል ነገሩ ወደ መሥሪያ ቤት ይሄዳል። «ጉልበት» ብንል ጡንቻ ይሆናል፤ ስንታገለው የኖርነውም እሱን ነው። አንዲትን የተመታች ሴት «በውስጥሽ ጉልበት አለ» ቢሏት «ጉልበቱስ የእሱ ነው» ብላ ብትመልስ እውነቷን ነው። ስለዚህ ተርጓሚ አንዱን የእንግሊዝኛ ቃል በአንድ የአማርኛ ቃል መተካቱን ትቶ፥ እንደ ነገሩ አገባብ በአንድ ሥፍራ «የበላይነት»፥ በሌላ ሥፍራ «አቅም»፥ በሌላውም «መተባበር» እያለ መጻፍ ይገባዋል። ይህን ሲያደርግ ዋናውን ከዳ አይባልም፤ ይልቁንም አሳቡን አዳነው።

ከዚህ የሚበልጠው አደጋ ያለው ግን ጥቃቱን ራሱን በምንጠራበት ቃል ላይ ነው። በሾና «ኩሮቫ» መምታት ነው፥ «ኩራንጋ» ግን መቅጣት ነው። በንዴቤሌም «ኡኩትሻያ» መምታት ሲሆን «ኡኩጄዚሳ» መቅጣት ነው። በእኛም ዘንድ «ደበደባት» እና «ቀጣት» የተለያዩ ናቸው። ዱላው አንድ ነው፥ ቁስሉም አንድ ነው፤ ነገር ግን «ቀጣት» ያልን እንደ ሆነ እርሷን አጥፊ፥ እርሱን ዳኛ አድርገን ፈረድን። ጽሑፉ ጥቃትን ሊያስቀር ታትሞ ሳለ በአንድ ግሥ ምክንያት የመቺው ጠበቃ ሆኖ ይቆማል ማለት ነው። «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳሉ» የሚለውን ክፉ ተረት እያስታወሰ ያደገ አንባቢ ደግሞ ከዚያች ግሥ ላይ ቶሎ ይይዛል። «ገመናን አደባባይ ማውጣት» የሚለው አነጋገራችንም እንዲሁ ነው፤ ቤትን ለመጠበቅ የተባለው ቃል ብዙ ጊዜ የተመታችውን አፏን ለመዝጋት ሆኗል።

ስለ በሽታው የሚነገረውም ቃል እንደዚሁ ሕይወት አለበት። በኡጋንዳ በ1980ዎቹ መጨረሻ ባለ ትዳር ከትዳሩ እንዳይወጣ ሲመከር «ዜሮ ግሬዚንግ» ይባል ነበር። በችካል የታሰረች ላም በዙሪያዋ ያለውን ሣር ብቻ ትግጣለች ለማለት ነው። ከብት የሚያረባ ሕዝብ ይህን ሲሰማ ሳቀ፥ ሥቆም ያዘው። ነገሩ ለጎጃም ገበሬ ቢነገር ወዲያው ይገባዋል፤ በከተማ ፎቅ ላይ ላደገ ወጣት ግን ችካሉንም ላሚቱንም ማስረዳት ያስፈልጋል። በእኛም አገር መጀመሪያ ሰውን በማስፈራራት ይነገር የነበረው ትምህርት ሕሙማንን ከጎረቤት ለይቶ ነበር። ኋላ «ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ የሚገኝ ወገኖቻችን» ማለት ሲለመድ፥ «ወገን» የሚለው ቃል ብቻውን ከብዙ ስብከት የበለጠ ሠራ።

ዛሬም አዲስ ቃል አዲስ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው በደሙ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይቀንሳል፤ እንዲህ ሆኖ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት በሽታውን ወደ ሌላ አያስተላልፍም። ይህ ታላቅ የምሥራች ነው። ነገር ግን «አይታይም» የሚለውን ቃል ሰሚው «ጠፍቷል» ብሎ ቢረዳውና መድኃኒቱን ቢተው ቫይረሱ ተመልሶ ይነሣል። በአንድ ቃል ጉድለት ሰው ሊሞት ይችላል ማለት እንግዲህ ማጋነን አይደለም።

ታዲያ ጥሩ ትርጉም እንዴት ይሠራል? አንዱ ይተረጉማል፤ ዋናውን ጽሑፍ ያላየ ሌላ ሰው ደግሞ ትርጉሙን ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይመልሰዋል፤ ሁለቱም ይመዛዘናሉ። ይህ ግን ግማሹ ነው። እውነተኛው ፈተና ጽሑፉን ለባለ ጉዳዮቹ ማንበብ ነው፤ ለጉልት ሻጭ፥ ለተሸካሚ፥ ለሙሽራና ለአማት እየተነበበ «ይህን ስትሰሙ ምን ታያችሁ?» ተብሎ ይጠየቃል። ሥዕሉም ሳይቀር ይመረመራል፤ የካምፓላ ቤት የዕንጨት ወንበርና የሙዝ ተክል ያለበት ሥዕል ለሌላ አገር ሰው የባዕድ ቤት ነው፤ በባዕድ ቤት የሚደረገውንም ሰው «እኛን አይመለከትም» ብሎ ያልፈዋል።

ድካሙ ፍሬ እንዳለው ከራሷ ከካምፓላ ማየት ይቻላል። ለኪኩቦ ጎረቤት በሆኑት በሩባጋና በማኪንዴ ክፍሎች፥ የቤት ውስጥ ጥቃት መከላከያ ማዕከል የሚባለው ድርጅት ትምህርቱን አካሄደ። ከ2007 እስከ 2012 በስምንት መንደሮች ጥናት ሲደረግ፥ ትምህርቱ የተሰጠው በአራቱ ብቻ ነበር። በ2014 በታተመው ውጤት፥ ባለፈው አንድ ዓመት በባል ወይም በወዳጅ የተመቱ ሴቶች ቁጥር ትምህርቱ በተሰጠባቸው መንደሮች ካልተሰጠባቸው በ52 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የመንደሮቹ ቁጥር ጥቂት ስለ ሆነ አጥኚዎቹ ይህን አኃዝ በጥንቃቄ እንዲያዝ አሳስበዋል። ዱላን ተገቢ ነው የሚሉ ሴቶችም እንደዚሁ አነሱ፤ ከአንድ በላይ ወዳጅ እንዳላቸው የተናገሩ ወንዶች በእነዚያ መንደሮች 27 በመቶ ሲሆኑ በሌሎቹ 45 በመቶ ነበሩ።

በአገራችንም ከዚህ የሚቀራረብ ሥራ በጉራጌ ዞን በ64 ቀበሌዎች ተሞክሯል። የዚያ ሥራ አዘጋጆች አዲስ መድረክ አልፈለጉም፤ ያለውን የቡና ሥርዓት መድረክ አደረጉት። ረከቦቱ ተዘርግቶ፥ ዕጣኑ እየጤሰ፥ ስለ ቤት ሥራ ክፍፍልና ስለ ጠብ፥ ስለ ኤች.አይ.ቪ.ም በ14 ጊዜ ስብሰባ ተነጋገሩ። በ2020 የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው ለውጡ ጎልቶ የታየው ወንዶች በተሰበሰቡበት ቡድን ነው። ለካስ ቃሉ ሊነገረው የሚገባው ለተመቺዋ ብቻ ሳይሆን ለመቺውም ነበር! ቡና ራሱ እንግዲህ ትርጉም ሆነ፤ የሩቁን አሳብ የሰፈር ጨዋታ አደረገው።

ሕጋችንም ቢሆን ቃሉን አላደበዘዘም። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን የኃይል ድርጊት የሚያስቀጣ አድርጎታል። ሆኖም ሕጉ በመጽሐፍ ሳለ በየቤቱ «ቀጣት» እየተባለ ከተነገረ፥ ሕጉ ገና ወደ ቤታችን ቋንቋ አልተተረጎመም ማለት ነው።

ክቡራንና ክቡራት አንባብያን፥ ሁላችንም በቤታችን ተርጓሚዎች ነን። ልጅ «አባባ እማማን ምን አደረጋት?» ብሎ ሲጠይቅ የምንሰጠው መልስ ነገ እርሱ በሚያቆመው ትዳር ውስጥ ይኖራል። «ቀጣት» ካልነው ዱላን አወረስነው፤ «በደላት፥ ይህም ነውር ነው» ካልነው ሌላ ነገር አወረስነው። ጎረቤታችን ስትጮኽ «ገመናቸው ነው» ብሎ ከመተኛት ተነሥቶ በር ማንኳኳት፥ ባልና ሚስትም ተያይዘው ወደ ምርመራ መሄድ፥ እነዚህ ሁሉ ማንም ተርጓሚ ሳያስፈልጋቸው የሚገቡ ቃላት ናቸው። ካምፓላዎች «ሳሳ» ያሉትን እኛ በራሳችን አንደበት «አሁን» እንበለው፤ ብለንም በየቤታችን እንጀምረው።