በካንሰር ሕዋስ ውስጥ ተሳፋሪ ስለሆኑት ለውጦች

ከደብረ ብርሃን በስተ ምዕራብ ባለችው በደነባና በአካባቢዋ፣ እንጨት ብርቅ በሆነበት በዚያ የስንዴና የጤፍ አገር፣ እናቶች ምድጃቸውን ከጥንት ጀምሮ ይበልጡን የሚያነዱት በኩበት ነው፤ ጢሱም መውጫ አጥቶ በጓዳው ሲታጎር፣ እንጀራ የምትጋግረው እናትም በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃንም ያለ ፈቃዳቸው ሲምጉት ይውላሉ። የደጋው ፀሐይ ደግሞ፣ ምንም እንኳ ብርዱ ቢያዘናጋ፣ ከቆላው ይልቅ በአልትራቫዮሌት ጨረር የበረታ ነው። ጢስና ጨረር በሰው ሥጋ ውስጥ ምን ዓይነት ፈለግ ትተው እንደሚያልፉ ለመመርመር የሚሻ ሰው፣ ሊቃውንት «ተሳፋሪ» የሚል ስም ካወጡላቸው የዲ.ኤን.ኤ. ለውጦች፣ ማለት ሚውቴሽኖች፣ ጋር መተዋወቅ ይገባዋል።

ከእያንዳንዱ ወላጅ የወረስነው የዲ.ኤን.ኤ. ጽሕፈት በአራት ዓይነት ፊደላት የተጻፈና 3 ቢሊዮን ፊደል ያህል ርዝመት ያለው ነው። ሕዋስ በተከፈለ ቁጥር ይህ ሁሉ እንደገና ይገለበጣል፤ በመገልበጡም ጊዜ ግድፈት ይገባል፤ ከዚህም አብዛኛው በተፈጥሮ የእርማት ሥርዓት ቢታረም፣ ያመለጠው ከእናት ሕዋስ ወደ ልጅ ሕዋስ ይወረሳል። ከግድፈቶቹም እጅግ ጥቂቶቹ፣ ቲፒ53 እንደሚባለው ባሉ፣ የሕዋስን መባዛት በሚገዙ ጂኖች ላይ ሲያርፉ ሕዋሱን ከሥርዓት ያወጡታል፤ እነዚህ «ነጂ» ይባላሉ። የቀሩት፣ ከደነባ ደብረ ብርሃን በሚሄድ አውቶቡስ እንደ ተሳፈሩ መንገደኞች፣ መሪ ሳይጨብጡ አብረው ይጓዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የ2,658 ካንሰሮች ሙሉ ዲ.ኤን.ኤ. ተነቦ ውጤቱ ሲታተም፣ በአንድ ካንሰር ውስጥ በአማካይ የተገኙት ነጂዎች 4 ወይም 5 ብቻ ሲሆኑ፣ ተሳፋሪዎቹ ግን ብዙውን ጊዜ በሺህና በዐሥር ሺህ የሚቆጠሩ ነበሩ።

ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ካንሰሩ ከተነሣ በኋላ የገቡ እንዳይመስለን። ብዙዎቹ ሰውየው ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ሲያርስና ሲነግድ በኖረባቸው ዘመናት በአንዲት ሕዋስ ውስጥ አንድ በአንድ የተጠራቀሙ ናቸው፤ ኋላ ነጂው መጥቶ ያችን ሕዋስ እልፍ አእላፍ ሲያደርጋት፣ የቀድሞው ግድፈቷ ሁሉ አብሮ ተባዝቶ ለመርማሪው መሣሪያ ይገለጣል። መንሥኤውን በነጂዎቹ ብቻ መፈለግ የማይበቃውም ስለዚህ ነው፤ በቁጥር ጥቂት ስለሆኑ ከእነርሱ ሥርዓት ያለው ፈለግ ማውጣት አይቻልም፤ ከተሳፋሪዎቹ ብዛት ግን ይቻላል። የትምባሆ ጢስ ከአራቱ ፊደላት ሳይቶሲን የተባለውን ይበልጡን በአዴኒን ሲተካ፣ ፀሐይ ደግሞ ከሌላ ሳይቶሲን ወይም ከታይሚን ጎን የቆመውን ሳይቶሲን በታይሚን ይተካል። እ.ኤ.አ. በ2013 ከ7,042 ካንሰሮች የተሰበሰበው መረጃ እንዲህ ያሉ ከ20 በላይ ፈለጎች ለይቷል። የኩበት ጢስ በእናቶቻችን ሳንባ ላይ የተለየ ፈለግ ይተው እንደሆነ ግን የሚታወቀው፣ እነርሱው ሲመረመሩ ብቻ ነው።

ተሳፋሪዎቹ ከሞላ ጎደል ሥራ ፈት ናቸው ቢባልም፣ ፍርዱ መጠንቀቅ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ሌላ ጥናት እንደ ተመለከተው፣ በየራሳቸው ጥቂት የሚጎዱ ተሳፋሪዎች ሲበዙ ለካንሰሩ ለራሱ ሸክም ሊሆኑበት ይችላሉ። ከዚህም የሚበልጠው፣ አንዳንዶቹ ባዕድ መልክ ያለው ፕሮቲን ስለሚያሠሩ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ካንሰሩን በእርሱ ሊያውቁት መቻላቸው ነው፤ ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤል ሽልማት ባገኙበት ግኝት ላይ የተመሠረቱት መድኃኒቶችም፣ ለውጥ በበዛባቸው እንደ ሜላኖማ ባሉ ካንሰሮች፣ በሁሉም ሕመምተኛ ባይሆን እንኳ፣ ይበልጥ የሠሩት በዚህ ምክንያት እንደሆነ ይታመናል።

ወደ ፈለጎቹ ስንመለስ፣ በአርሲና በባሌ የጉሮሮ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር መብዛቱን ሐኪሞቻችን ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከ8 አገሮች የተሰበሰቡ 552 የዚህ ዓይነት ካንሰሮች ተነበው፣ በሽታው በሚበዛባቸው አገሮች ለብቻው የሚታይና ብዛቱን የሚያስረዳ ፈለግ አልተገኘም፤ መንሥኤ ሁሉ በፊደላቱ ላይ ምልክት ይተዋል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። ከ8ቱ መካከል ኬንያ፣ ታንዛኒያና ማላዊ ሲገኙ ኢትዮጵያ የለችበትም። የሕክምና ትምህርት ቤቶቻችን ከሕመምተኞች በፈቃዳቸው የሚወሰደውን ናሙና በጥንቃቄ አኑረው፣ በገዛ ልጆቻችን እጅ እንዲነበብ ያደርጉ ዘንድ አጥብቀን እንለምናለን።